ቹባካ ሞቷል፣ አልሞተም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ በነበርኩበት መጽሐፍ መደብር አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ አንድ ከሰዓት በኋላ የሳቃት ሳቅ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም። የሳቀው በደንበኛ ላይ ነው፤ ያውም መጽሐፍ አንብቦ ባዘነ ደንበኛ ላይ።

ደንበኛው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። "ጋሼ" ከማለት በቀር በስም ጠርተናቸው አናውቅም። እንደ ብዙው የባቡር ሰው ፈረንሳይኛው ይቀናቸዋል፤ እንግሊዝኛቸውን ያጠነከሩት ግን ስታር ዋርስ በተባለው የጠፈር ጦርነት ፊልም ዓለም ላይ በተጻፉ ልብ ወለዶች ነው። ከአዲስ አበባ በማዳበሪያ ታጭቀው ከሚመጡልን አሮጌ መጻሕፍት መካከል እነዚህ አይጠፉም ነበር፤ ሽፋናቸው የተቀደደ፣ የሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት ማኅተም የተመታባቸው። የመደብሩ ባለቤት "የፊልም ትራፊ" እያለ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ሥር እንድከታቸው ያዘኛል። እኔ እያወጣሁ ለጋሼ አስቀምጣለሁ።

"ትራፊ" የሚለው ቃል ያበሳጨኝ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ እኮ ከፊልሙ ቀድሞ ነው የወጣው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲታይ መጽሐፉ ከ1976 መጨረሻ ጀምሮ ገበያ ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ የፊልሙ ፈጣሪ የጆርጅ ሉካስ ስም ይታተም እንጂ የጻፈው አለን ዲን ፎስተር ነው። በ1991 ደግሞ ቲሞቲ ዛን የተባለው ደራሲ ፊልሞቹ ካቆሙበት ታሪኩን ሲቀጥል፣ የጋላክሲዋን ዋና ከተማ ኮረስካንት ብሎ ሰየማት። በኋላ የመጡት ፊልሞች ስሙን ከእሱ ወስደው ተጠቀሙበት። ከማዕድ የተረፈ ነገር ተመልሶ ለባለ ማዕዱ አይቀርብም። ይህን ሁሉ ለባለቤቱ አስረድቼዋለሁ። ጨርሶ ሰማኝና "ይሸጣል ወይ?" አለኝ። ይሸጣል።

ያን ቀን የቀትሩ ሙቀት በርዶ ሱቅ እንደከፈትን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገባ። እሱም የስታር ዋርስ ሰው ነው፤ የሚያነበው ግን ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቹ የሚልኩለትን አዳዲሶቹን ብቻ ነው። በእጁ የያዘው በ2015 የወጣውን የቸክ ዌንዲግን መጽሐፍ ነበር፤ በሌላ ሊቀይረው ፈልጎ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው መደርደሪያው ሥር ቆመዋል። ተቀብለው የመጀመሪያውን ገጽ እዚያው አነበቡ፤ ሁለተኛውንም ገለጡ።

"ይሮጣል፣ ዞር ይላል፣ ይተኩሳል" አሉ። "ይሄ ልብ ወለድ ነው የኳስ ዘገባ?"

ይህ የእሳቸው ቅሬታ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን ሌላውም ዓለም ከተነጫነጨባቸው ነገሮች አንዱ ትረካው ከዳር እስከ ዳር በአሁን ጊዜ መሆኑ ነው። ተማሪው ግን ወዶታል። "ሲለመድ ይፈጥናል ጋሼ" አለና፣ በቅንነት፣ ምንም ክፋት ሳያስብ ቀጠለ፦ "የድሮዎቹ እኮ አሁን አይቆጠሩም። ተሰርዘዋል።"

"ምን ተደረጉ?"

"ዲዝኒ በ2012 የስታር ዋርስን ድርጅት ገዛው አይደል? ከዚያ በ2014 አዲስ ታሪክ እንጀምራለን አሉ። የፊቶቹ ልብ ወለዶች ከዋናው ታሪክ ውጪ ሆኑ።"

ጋሼ መጽሐፉን ዘጉት። "ቹባካስ?" አሉ፤ የመርከበኛውን የሃን ሶሎን ጠጉራም ጓደኛ ማለታቸው ነው።

"ቹባካ ምን ሆነ?"

"ሞቷላ!"

"አልሞተም ጋሼ። አዲሱ ፊልም ላይ አለ፤ አይቼዋለሁ።"

"አንተ ልጅ፣ እኔ ሲሞት አንብቤያለሁ!" ድምፃቸው ከፍ አለ። "ጨረቃዋ ከሰማይ ወርዳ ነው የሞተው። የሃን ሶሎን ትንሹን ልጅ መርከቧ ላይ ወርውሮ አሳፈረው፤ እሱ መሬት ቀረ። ልጁ ነው መርከቧን ይዞ የሄደው። አባትየው ልጁን እንዴት ብሎ እንደወቀሰው አንብበሃል? አላነበብክም።" ትንሽ ተንፍሰው ዝግ ባለ ድምፅ ጨመሩ፦ "ሌሊት ነበር የጨረስኩት። ጠዋት ሥራ ስገባ ለማን ልንገረው? ለማንም አልተናገርኩም።"

እኔ እጄ ላይ የነበረውን የዋጋ ወረቀት እንደያዝኩ ቀረሁ። ጋሼን ለብዙ ጊዜ አውቃቸዋለሁ፤ ስለ ራሳቸው ይህን ያህል ሲናገሩ ያኔ ገና ሰማኋቸው።

ባልደረባዬ የሳቀው እዚህ ላይ ነው። ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆኖ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው፣ "እግዜር ያጥናዎ ጋሼ!" አላቸውና ተንከተከተ።

ጋሼ መጽሐፉን ለተማሪው መለሱለት፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳምንት በመደብሩ በር አላለፉም።

ባልደረባዬን ምን ብዬ እንደተናገርኩት ሁሉንም አልጽፈውም። ዋናው ይህ ነው፦ ሰውየው የተናገሩት የሰሙትን ወሬ አይደለም፤ ገንዘባቸውን ከፍለው ያነበቡትን ነው። አሳታሚዎቹ ከሃያ ዓመት በላይ ይህ ሁሉ አንድ ታሪክ ነው፣ የቀጠለ ነው፣ ተከተሉት እያሉ ሸጡ። አንባቢው አመናቸው። ቹባካ በ1999 ሳልቫቶሬ በተባለ ደራሲ መጽሐፍ ሲሞት አንባቢ የተቆጣው፣ ደራሲው ላይ የስድብ ደብዳቤ የዘነበው ሞቱ እውነት ነው ተብሎ ስለታመነ ነው። ያን ጊዜ ሞቷል ብላችሁ ካስለቀሳችሁን በኋላ ዛሬ አልሞተም ማለት ይቻል ይሆናል፤ ያለቀሰውን ሰው ግን አላለቀስክም ማለት አይቻልም። ባልደረባዬ "አቦ ተዪኝ፣ ቀልድ ነው" ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ቀልድ አልነበረም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የውስጡን ሲያወጣ መመለስ የነበረበት እንደዚያ አይደለም፤ ዛሬም ይህን አቋሜን አልለወጥኩም።

የድርጅቱም ምክንያት አይገባኝም አልልም። አዲስ ፊልም የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር በየመጽሐፉ ከተጻፈው ጋር እያስማማ መሥራት ይከብደዋል፤ መጻሕፍቱም እርስ በርሳቸው የሚጋጩበት ቦታ ነበር። የተቆጡት አንባቢዎችም በደል አልሠሩም አልልም። ዌንዲግ የድሮዎቹን አልሰረዘም፤ ጻፍ የተባለውን ነው የጻፈው። ሳልቫቶሬም ቹባካን ለመግደል ብቻውን ተነሥቶ አልወሰነም። ውሳኔው ቢሮ ውስጥ ተሰጥቶ ዱላው ያረፈው ስሙ ሽፋኑ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው። ጋሼ ግን ማንንም አልሰደቡም። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መልሱ ሳቅ ሆነ።

ባለቤቱ ነገሩን ሲሰማ ትምህርት ነው ብሎ የሰጠን "ሻጭ ወገን የለውም፤ ደንበኛ ሲከራከር አትግቡ" የሚል ነው። ባልደረባዬ በበኩሉ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ በካርቶን ሁለት ጽሑፍ ጻፈ፤ አንዱ መደርደሪያ ላይ "የሚቆጠሩ"፣ ሌላው ላይ "የተሰረዙ"። በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ሁለቱንም አወረድኳቸው። መጻሕፍቱን ሁሉ በታተሙበት ዓመት ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፤ የ1970ዎቹ ከላይ፣ ከዚያ ከ1991 ወዲህ ያሉት፣ ከዚያ አዳዲሶቹ። የድሮዎቹ እንደገና ሲታተሙ ሽፋናቸው ላይ በወርቃማ ቀለም "ሌጀንድስ" (አፈ ታሪኮች) የሚል ጽሑፍ ታትሞባቸው ይመጡ ነበር፤ እነሱንም መጀመሪያ በታተሙበት ዓመት ቦታቸው አስገባኋቸው። ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ ይቀመጣል። ማን ይቆጠራል፣ ማን አይቆጠርም የሚለውን የገዛ ሰው ቤቱ ወስዶ ይወስን። ባለቤቱ አይቶ ዝም አለ፤ ሰው በቀላሉ ስለሚያገኘው ሽያጩም አልቀነሰም።

ተማሪው ከዚያ ቀን በኋላ ፊቱ አልፈታ አለው። አንድ ቀን መጥቶ "እህቴ፣ የጋሼን ቤት ታውቂዋለሽ?" አለኝ። ሠፈራቸውን አውቃለሁ፤ ቤታቸውን አላውቀውም። አልኩት፦ "ቤታቸው ከመሄድ የሚያመጣቸው ነገር ፈልግ።"

በ2017 ተገኘ። ዛን በ1991 የፈጠረው ትሮን የተባለው ሰማያዊ ቆዳ ያለው የጦር አዛዥ ከሌሎቹ ጋር ከታሪኩ ውጪ ተደርጎ ነበር። በ2016 በአንድ የስታር ዋርስ ተከታታይ ካርቱን መለሱት፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ራሱ ዛን ስለ እሱ አዲስ ልብ ወለድ ጻፈ። ተማሪው ለዘመዶቹ ለምኖ አስላከውና አንብቦ ሳይጨርሰው ሱቅ ይዞት መጣ። በአንድ የምድር ባቡር ሰው በኩል መልእክት ላክሁ። ጋሼ በሦስተኛው ቀን መጡ፤ ባልደረባዬ ወዳለበት ሳያዩ በቀጥታ ወደ እኔ።

መጽሐፉን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ቆመው ጀመሩት። ብዙ ገጽ ሄዱ። "ሰውየው ራሱ ነው" አሉ። "እሱን መለሱት፤ ያኛውን ደግሞ ሳይሞት አስቀሩት። እንደፈለጉ።"

ተማሪው "የሞተበትን ያውሱኛል ጋሼ?" አላቸው።

"አላውስህም። መጀመሪያ የ1991ዱን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ተከታዮቹን አንብብ። ሰዎቹን ሳታውቃቸው ሞታቸውን ምን ያደርግልሃል?"

ሦስቱም መደርደሪያው ላይ ነበሩ፤ ገዛቸው። ሦስተኛውን ጨርሶ የመጣ ቀን ጋሼም ነበሩ። ልጁ ተናዶ ነው የገባው። ትሮን ያን ሁሉ ጦርነት መርቶ መጨረሻ ላይ በገዛ ጠባቂው በሩክ እጅ መገደሉ አልዋጥ ብሎታል። "ይሄማ ደራሲው ሰልችቶት ነው" አለ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሻጭ ወገን የለውም የተባለውን አልረሳሁትም፤ ግን ገባሁበት። የሩክ ሕዝብ፣ ኖግሪዎቹ፣ ትሮን የሚዋጋለት ግዛት መሬታችንን ያድንልናል ብለው ግዛቱን ለዓመታት አገልግለዋል፤ ሲያድን የመሰለው ግዛት ግን መሬቱ እንዳያገግም ያደርግ ነበር። ሩክ የገደለው ያን ስላወቀ ነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ያለው ሞት በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ አላየሁም አልኩት። ጋሼ በጭንቅላታቸው አረጋገጡልኝ። ተማሪው ግን አልተቀበለንም፤ የጠላትን ሐሳብ ከሥዕሉ የሚያነብ ሰው ከኋላው የቆመውን እንዴት ማንበብ ያቅተዋል እያለ፣ መዝጊያውን እስክናወርድ ድረስ ተሟገተን።