ለእማዬ ክፍል ሂተር ስገዛ

ዘንድሮ ጥቅምት ሳይጋመስ ነው ብርዱ የጀመረን። "ለጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው አጥንቱን መግዛት ለቻለ ነው፣ እኛ ቤት አጥንቱም ተወደደ ብርዱም ባሰ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ ያው የምታውቁት የብረት ፍሬም ከስስ መስታወት ጋር፣ ማታ ማታ መጋረጃው ሲወዛወዝ አያለሁ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ማለቴ ነው።

እኔ ብቻዬን ብሆን ሁለት ካልሲ ደርቤ ጋቢ ለብሼ ዝም እል ነበር። ነገሩ የእማዬ ነው። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፣ ሲበርድ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው የምታድረው፣ እና መፍትሄዋ ምን መሰላችሁ? ከማታ ቡና የተረፈውን ፍም ከነማንደጃው መኝታ ቤቷ አስገብታ በሩን ዘግታ መተኛት። አንድ ቀን ጠዋት "ራሴን ወጋኝ፣ አቅለሸለሸኝ" ብላ ስትነሳ ነው የባነንኩት። "ፍሙ እኮ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም" ትለኛለች። እማዬ ጭሱ አይደለም እኮ የሚገድለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ አይታይም አይሸትም፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሁሉ ጠፍቶ ሲያምርም ይወጣል፣ ሰው ተኝቶ ካገኘው ሳያነቃው ነው የሚወስደው። ብርድ በመጣ ቁጥር ቤተሰብ በከሰል ታፍኖ ሞተ ሲባል እንሰማለን፣ እንሰማለንና ማታ ማንደጃውን እናስገባለን። በቃ ማንደጃው ከዚያ ክፍል መውጣት አለበት አልኩ፣ ግን ምትክ ሳላመጣ ብወስድባት ተመልሳ እንደምታስገባው አውቃታለሁ።

መጀመሪያ በነፃ ሊሆን ነበር። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ትንሽ ሂተር ቤታቸው ተቀምጧል፣ ውሰጂው አሉኝ፣ ደስ ብሎኝ አመጣሁት። ስፒናው ከእኛ ሶኬት ጋር ስለማይገጥም መቀየሪያ ልጠይቅ የብሎካችን ኤሌክትሪሺያን ጋ ወረድኩ፣ ልጁ ገልብጦ ከታች የተለጠፈውን አነበበና ሳቀብኝ። 120 ቮልት ይላል። የእኛ 220 ነው። እኔ የመሰለኝ እጥፍ ቢሆን እጥፍ ይሞቃላ፣ ምን ችግር አለው ነው። እንደዚያ አይደለም፣ ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ (መብራት ሲያልፍበት የሚግለው ሽቦ) ያው ስለሆነ ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ሲል አምፔሩም አብሮ ያድጋል፣ ሁለቱ ሲባዙ 1500 ዋት የነበረው 5000 ገደማ ይሆናል። ማለትም ከእንጀራ ምጣድ በላይ የሚስብ ነገር በዚያች ፕላስቲክ ውስጥ። ወይ ወዲያው ይቃጠላል ወይ ያቃጥላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፣ ግን 1500 ዋት የሚችለው እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ሂተር ይገዛል። መለስኩላቸው። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ሂተር ላኩልኝ ከማለታችሁ በፊት ይህቺን አስቡ፣ ከአውሮፓ ከሆነ ቮልቱ ከእኛው ጋር ይስማማል፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ከዚያ መርካቶ ወረድኩ። ከመውረዴ በፊት ቴሌግራም ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ፎቶ ሳይ ነበር፣ ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል፣ ዋጋውን ደግሞ "በውስጥ መስመር" ይሏችኋል፣ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚያናድደኝ ሌላ ቀን እፅፋለሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ልጅ "እህቴ ይሄኛው ሴቭ ያደርጋል፣ መብራት አይበላም" ብሎ የጀመረኝ ነው። ውድ ነበር፣ ስክሪን ምናምን አለው፣ ሪሞት አለው። እዚህ ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም ሁላችንንም የሚሸውዱን በዚህች ነው። በሬዚስታንስ የሚሰራ ሂተር ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ የሚወስደውን መብራት በሙሉ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። 1500 ዋት የሚል ካርቶን ላይ ካያችሁ 1500 ይበላል፣ 1500 ያሞቃል፣ አለቀ። ከዚያ የተለየ የሚሰራው እንደ ኤሲ ያለው፣ ሙቀቱን ከውጭ አየር እየሳበ የሚያስገባው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የኛ የኪስ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ልዩነቱ ሙቀቱን እንዴት እንደሚበትነውና እንዴት እንደሚቆጣጠረው ላይ ነው እንጂ "ሴቭ" የሚባል ነገር የለም። ለልጁም ነገርኩት፣ "እሺ እህቴ፣ ያው ግን ይሄኛው ጥራት ነው" አለኝ።

ትንሿ ፋን ያላት በጣም ርካሽ ናት፣ ባለዘይቱ ከሚሸጥበት ግማሹን እንኳን አትሞላም። በሁለት ደቂቃ ሙቅ አየር ትተፋለች፣ ጠዋት ልብስ እስክትለብሱ፣ ሻወር ከወሰዳችሁ በኋላ፣ ለዚያ ለዚያ ቆንጆ ናት። ግን ትጮሃለች፣ ስታጠፏት ደግሞ ሙቀቱ ወዲያው አብሯት ይሄዳል፣ እና እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የሚግል ሽቦ የያዘች ነገር እማዬ አልጋ አጠገብ በርታ አድራ እኔ ሌላ ክፍል እንቅልፍ አይወስደኝም። ቀይ መብራት የምታወጣዋ ደግሞ ፀሐይ እንደመሞቅ ነው፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ታሞቃለች፣ ዞር ካላችሁ አለቀ፣ ጀርባችሁ ብርድ ነው። ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ለሚሰራ ሰው ከሁሉም እሷን እመርጥለታለሁ፣ በትንሽ ዋት እግር ስር ማድረግ ይቻላል። ለመኝታ ግን ብርሃኗ ራሱ አያስተኛም።

የቀረው ባለዘይቱ ነው፣ ያ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደረ ብረት ያለው፣ ጎማ ያለው። ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ክፍሉ ለውጡ እንዲሰማው ግማሽ ሰዓት ምናምን ይፈጃል፣ ግን ድምፅ የለውም፣ ብርሃን የለውም፣ ደግሞ ለኛ አገር የሚሆንበት አንድ ነገር አለው፣ መብራት ሲጠፋ ዘይቱ ሞቆ ስለሚቆይ ለተወሰነ ጊዜ ማሞቁን ይቀጥላል። አንዱ ሻጭ "ዘይቱን በየዓመቱ ትቀይሪዋለሽ፣ ዘይቱንም እኛ ጋ ታገኚዋለሽ" አለኝ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ዘይቱ እኮ የታሸገ ነው፣ አይነድም አያልቅም አይቀየርም። ከፈሰሰ እቃው ተበላሸ ማለት ነው፣ በቃ። ከሱ ሱቅ ወጣሁ።

መጠኑ ላይ ነው ብዙ ብር የሚባክነው። ሁሉም ሻጭ ባለ 11 ጎድኑን፣ 2500 ዋቱን ነው የሚያቀርበው። የእማዬ ክፍል 3 በ 4 ነው፣ 12 ካሬ። በግምት ለአንድ ካሬ 100 ዋት ይባላል፣ 1200 ማለት ነው፣ የኛ መስኮት ንፋስ ስለሚያስገባ ትንሽ ጨምሬ 1500 ዋት ባለ 7 ጎድኑን ወሰንኩ። አዲስ አበባ እኮ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድም በረዶ የሚጋገርበት አገር አይደለም፣ ክፍሉን ሳውና ማድረግ አልፈለግኩም፣ እማዬ ጉልበቷ እንዳይቆረጥማት ብቻ ነው። ከመክፈሌ በፊት እዚያው ሱቅ ሰክተው እንዲያበሩልኝ አደረግኩ፣ ማዞሪያውን ከፍ ዝቅ ሳደርገው ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ እሱ ቴርሞስታቱ ነው፣ ክፍሉ ሲሞቅ ራሱ ያጠፋል ሲቀዘቅዝ ራሱ ያበራል። ሲወድቅ ራሱ መጥፋቱንም ጠየቅኩ፣ ልጁ ዘንበል አድርጎ አሳየኝ፣ ጠፋ። ገመዱንም በእጄ ያዝ አደረግኩት፣ ቀጭን ገመድ ያለው ሂተር በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። በታክሲ አስተኝቼው ስላመጣሁት ቤት እንደገባሁ አልሰካሁትም፣ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት።

እና ያን ሁሉ ተጠንቅቄ ማታ ምን አደረግኩ? ዲቫይደር ላይ ሰካሁት። ስልክ ቻርጀር፣ የእማዬ ሬዲዮ፣ ሂተር፣ ሁሉም አንድ ቀጭን ዲቫይደር ላይ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ስነካው ይፋጃል፣ የስፒናው ቀዳዳ ቡናማ ሆኗል። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያኑ መጣ፣ 1500 ዋት 7 አምፔር ገደማ ይስባል፣ 2000 ቢሆን 9 ይሆን ነበር፣ ያንን ለሰዓታት የምትችል ዲቫይደር አይደለችም ያለሽ አለኝ፣ ከዚያ የግድግዳውን ሶኬት ሲፈታው ውስጡ አንዱ ሽቦ ላልቶ ተገኘ፣ ብሎኑ አልጠበቀም፣ የላላ ሽቦ ደግሞ ራሱ ይግላል። ሶኬቱን በጥሩ ቀየረልኝ፣ አሁን ሂተሩ ብቻውን ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው። ሂተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ሲቆጥር ሶኬት ማስፈተሻውን አብሮ ይቁጠር። ምጣድ ስጋግር ደግሞ ሂተሩን አጠፋለሁ፣ ምጣዱ 3500 ዋት ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ 5000፣ አንድ ቀን ረስቼው ብሬከሩ ወርዶ ቤቱ ድርግም አለ፣ እንጀራውም ምጣዱ ላይ ቀረ።

ካርዱስ? የኛ ቆጣሪ የካርድ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ማታ ሲበራ አየሁት፣ ጠዋት አየሁት፣ ፍሪጁን ጨምሮ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሄደው። 1500 ዋት ሳያቋርጥ 4 ሰዓት ቢሰራ 6 ነው የሚሆነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ከዚያ በታች የሆነው ቴርሞስታቱ እያጠፋ ስለሚያበራው ነው። እንጀራ አንዴ ጋግሮ መነሳት እንደማለት ነው፣ ግን በየቀኑ። ችግሩ ታሪፉ በእርከን ነው፣ በወር ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፣ ከ2017 መስከረም ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ነው። ስለዚህ ያምና ሂሳብ ይዛችሁ አታስቡ።

ለዚህም ነው ከሂተሩ እኩል የጠቀመን የ20 ደቂቃ ስፌት ነው የምለው። ያረጀ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ረጅም ትራስ ሰፍቼ በሩ ስር አጋደምኩት፣ የመስኮቱን ጠርዝ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ በተረፈው ሲሊኮን ደፈነልኝ። ከዚያ በኋላ ቴርሞስታቱ ቶሎ ጠቅ ብሎ ማጥፋት ጀመረ፣ ማለትም ክፍሉ ቶሎ ይሞቃል፣ ሂተሩ ቶሎ ያርፋል። ከሰል ቢሆን ኖሮ እንደዚህ መድፈን ራስን መግደል ነው፣ ይሄኛው ግን አየር አያቃጥልም። "ኦክስጅን ይጨርሳል" የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፣ አይጨርስም፣ የሚነድ ነገር የለበትማ። ጉሮሮ የማድረቅ ነገር ግን አለው፣ እማዬ አልጋዋ አጠገብ ውሃ ይቀመጥላታል።

የቀረው ጠብ የነጠላ ነው። ታጥቦ ያልደረቀ ነጠላ ባየች ቁጥር ሂተሩ ላይ ልታሰጣ ትነሳለች፣ እኔ አንስቼ ወንበር ላይ፣ አንድ ሜትር ራቅ አድርጌ። ማንደጃው ሳሎን ወጥቷል፣ ቡና የምናፈላው የበረንዳው በር ተከፍቶ ነው፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል።

ማታ ማዞሪያውን 4 ላይ አድርጌላት እተኛለሁ፣ ጠዋት ስገባ 2 ላይ አገኘዋለሁ። ማን ነካው ስላት ካርዱ እንዳያልቅ ብላ እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ ግን "እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ራሱ ያጠፋል ራሱ ያበራል አላልሽኝም?" ትለኛለች።