ቬክተር ለመማር ከ«በ» ጀምሩ

ቬክተር ማለት በፒክስል ሳይሆን በነጥቦችና በሚያገናኟቸው መስመሮች የሚሠራ ሥዕል ነው። ጀማሪ የቬክተር ፕሮግራም ከፍቶ መጀመሪያ የሚሞክረው ብዙ ጊዜ የሰው ፊት ነው። ፎቶ ያስገባል፣ ዳር ዳሩን በፔን ቱል እየተከተለ ሁለት መቶ ነጥብ ይተክላል። ከሩቅ ሲያዩት ሰው ይመስላል፤ ሲያጎሉት ግን መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉንጩ ላይ እብጠት አለ፣ አንዱን ለማስተካከል ሲነኩት ሌላው ይበላሻል። ጥፋቱ የእጅ አይደለም፣ የነጥቡ ብዛት ነው። አንድ ቅርጽ በአሥር ነጥብ (ኖድ) የሚወጣ ከሆነ አሥራ አንደኛው ስህተት ነው። መጀመሪያ መማር ያለባችሁ ይህን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከፊደላችን የተሻለ መልመጃ አላውቅም። ቅርጹን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ሲበላሽም ወዲያው ዓይን ይቆረቁራል።

በየትኛው ፕሮግራም ልጀምር ለሚል መልሴ አጭር ነው፦ ኢንክስኬፕ። ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ ፋይሉ ኤስቪጂ (የቬክተር ፋይል ዓይነት) ስለሆነ ብሮውዘርም ይከፍተዋል። አዶቢ ኢለስትሬተር ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የበሰለ መሣሪያ ነው፤ ግን በየጊዜው በዓለም አቀፍ ካርድ የሚከፈልበት ነው፣ በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ ደግሞ ለኮምፒውተራችሁ ጤና ስትሉ ተዉት። ኮረልድሮውን ባነርና ስቲከር ቤት ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። ኖድና ሃንድል (ከኖዱ ወጥቶ ኩርባውን የሚመራው ክንድ) በሦስቱም ያው ነው፣ የሚለየው ቁልፉ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁልፎች የኢንክስኬፕ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ እንደሆነ አጥፉት። የእንግሊዝኛውን «ቢ» (B) ተጭናችሁ ፔን ቱል እምቢ ካለ ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ የደረሰው «ብ» ስለሆነ ነው። ሁለተኛው መብራት ነው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ኦቶሴቭን ፈልጉና በየ2 ወይም በየ3 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ አድርጉ፣ በተለይ ዴስክቶፕ ላይ የምትሠሩ። ከዚያ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ዲን አንድ ላይ ተጭናችሁ የገጹን መለኪያ ወደ ሚሊሜትር ቀይሩ። በፒክስል የተሠራ ሎጎ ማተሚያ ቤት ሲደርስ «ስንት በስንት ነው?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አሁን «በ»ን እንሥራ። ቁመቷ 100፣ ወርዷ 80፣ የእግሯ ውፍረት 16 ሚሊሜትር ይሁን፤ አናቷ ግማሽ ክብ ነው። ለቁጥር እንዲመች የላይኛውን ግራ ጥግ ዜሮ ብለን ወደ ቀኝና ወደ ታች እንቁጠር። «ቢ»ን ተጫኑ። የግራ እግር ውጫዊ ታች ላይ፣ ማለትም 0 እና 100 ላይ፣ አንዴ ጠቅ አድርጉ። ወደ ላይ ሄዳችሁ 0 እና 40 ላይ ጠቅ አድርጋችሁ ሳትለቁ 22 ሚሊሜትር ወደ ላይ ጎትቱ። አናቱ ላይ፣ 40 እና 0፣ ጠቅ አድርጋችሁ 22 ወደ ቀኝ ጎትቱ። 80 እና 40 ላይ 22 ወደ ታች። 80 እና 100 ላይ ጠቅ ብቻ። የውጩ አለቀ። በውስጥ በኩል ተመለሱ፦ 64 እና 100 ጠቅ፤ 64 እና 40 ላይ 13 ወደ ላይ፤ 40 እና 16 ላይ 13 ወደ ግራ፤ 16 እና 40 ላይ 13 ወደ ታች፤ 16 እና 100 ጠቅ። መጀመሪያ የተከላችሁትን ነጥብ ስትነኩ ቅርጹ ይዘጋል። አሥር ኖድ። ስትጎትቱ ኮንትሮልን ከያዛችሁ ሃንድሉ በየ15 ዲግሪው ስለሚቆም አይዛነፍም። ቦታው ትንሽ ቢያመልጣችሁ አትጨነቁ፤ «ኤን»ን ተጭናችሁ ኖዱን ምረጡና ከላይ ባሉት የኤክስና የዋይ ሳጥኖች ቁጥሩን ጻፉ።

22 ከየት መጣ? ሩብ ክብ በቤዚዬ ኩርባ ሲሠራ የሃንድሉ ርዝመት የራዲየሱን 0.55 ያህል መሆን አለበት። የውጩ ራዲየስ 40 ነው፣ ስለዚህ 22፤ የውስጡ 24 ነው፣ ስለዚህ 13። ይህን አንድ ቁጥር መያዝ ብዙ ያተርፋል። ሃንድሉ ሲያጥር አናቱ እንደ ጎጆ ጣሪያ ይሾላል፤ ሲረዝም ትከሻ አውጥቶ ወደ ሳጥን ይሄዳል። ዓይናችሁ አንዴ ከለመደው በኋላ የሌላ ሰው ሎጎ ላይም ይታያችኋል። (ቤዚዬ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር፤ ኩርባዎቹ የመጡት ከመኪና አካል ንድፍ ነው።)

ኖዶቹ የት እንደተቀመጡም ልብ በሉ፦ ኩርባው ጫፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ማለትም አናት፣ ግራ ዳርና ቀኝ ዳር። እንደዚያ ሲሆን ሃንድሉ ሁሉ ወይ ቀጥ ያለ ወይ አግድም ነው፤ ፊደሉን ማስፋት ስትፈልጉ የቀኙን ኖዶች ይዞ መግፋት ይበቃል። ኖዱ መሃል መንገድ ላይ፣ በዘፈቀደ ማዕዘን ከተተከለ ግን አንዱን ስትገፉት ኩርባው ይሰበራል።

«በ» ካለቀች ቤተሰቧ በነፃ ይመጣል። ኮንትሮልና ዲ ቅጂውን እዚያው ላይ ያወጣል፤ ጎትታችሁ ለዩት። ለ«ቡ» ወርዱ 24፣ ቁመቱ 14 የሆነ ሬክታንግል ቀኝ እግር መሃል ላይ አስጠጉ። ለ«ቢ» ያንኑ ወደ እግሩ ታች አውርዱት። ለ«ቤ» 30 ሚሊሜትር ክብ ሥሩ፣ መሃሉ ላይ 14 ሚሊሜትር ክብ አስቀምጡ፣ ሁለቱን መርጣችሁ በኮንትሮልና በማይነስ ቀንሱ፤ ቀለበቱን ቀኝ እግር ታች ለጥፉ። ከዚያ ሁሉንም ከፊደሉ ጋር መርጣችሁ በኮንትሮልና በፕላስ አዋህዱ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ጭረቱን ከእግሩ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ያነካካል። በዓይን ገጥሟል፣ በውስጥ ግን ፀጉር የምታህል ክፍተት ቀርታለች፤ ስትዋሃድ ሁለት ቅርጽ ሆኖ ይቀራል ወይም መሃሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። ሁልጊዜ 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት።

«ባ» እና «ቦ» ደግሞ ሌላ ትምህርት ናቸው። «ባ» ግራ እግሯ አጭር ነው፣ «ቦ» ቀኙ። ፊደሉን በሙሉ ይዛችሁ ብታጨፈልቁት ውፍረቱም አብሮ ይበላሻል። በኖድ ቱል የአጭሩን እግር ሁለት የታች ኖዶች ብቻ ምረጡና 35 ሚሊሜትር ወደ ላይ ግፉ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆያል። ቅርጹን በሙሉ መጎተትና ኖድ ማንቀሳቀስ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የተረዳ ሰው የመጀመሪያውን ወር ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ከፊደል በኋላ ወደ ሥዕል ስትሻገሩ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ እመክራለሁ። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ያቆመው በ1955 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ገና ከድንጋዩ በትላልቅ ጠፍጣፋ ገጾች ተከፍሏል። ለቬክተር የተሠራ ነው የሚመስለው። ፎቶውን ከሥሩ ቆማችሁ ወደ ላይ አታንሱ፤ ጭንቅላቱ ይቀጭጫል፣ የምትስሉትም የተዛባ አንበሳ ይሆናል። ራቅ ብላችሁ ከመንገዱ ማዶ ዙም አድርጉ። ፎቶውን ለብቻው ሌየር (ንብርብር) ላይ አስቀምጡ፣ ኦፓሲቲውን (ድምቀቱን) ወደ 40 በመቶ አውርዱ፣ ሌየሩን ቆልፉ። መጀመሪያ የውጩን ቅርጽ ብቻ በአንድ ጥቁር ፊል (የውስጥ ቀለም) አውጡ። ይህ ጥቁር ቅርጽ ብቻውን አንበሳ ካልመሰለ በሦስት ዓይነት ግራጫ ብትቀቡትም አይመስልም። ከዚያ የጥላ ገጾቹን ከላይ ደርቡ፤ ጎን ለጎን የሚነካኩትን አንዱን በሌላው ሥር ትንሽ አስገቡ፣ ምክንያቱ ከላይ ያልኩት ነው።

ፎቶን በአንድ ጠቅታ ወደ ቬክተር የሚለውጠውን ትሬስ ቢትማፕ አልጠላውም፤ ለፊርማ፣ ለማኅተም፣ በብዕር ለተሳለ ጥቁርና ነጭ ንድፍ ጥሩ ነው። ከቴሌግራም የመጣ ደብዛዛ ሎጎ ላይ ግን የምታገኙት የደበዘዘውን ጠርዝ በመቶዎች ኖድ የተከተለ ቆሻሻ ነው። ያንን ከማጽዳት አዲስ መሥራት ይፈጥናል።

ጽሑፍን በተመለከተ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ወፍራም ስትፈልጉ ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) እየጨመራችሁ አታወፍሩት፤ የ«ቤ» እና የ«ሜ» ቀለበት ይደፈናል፣ ጥጎቹም እንደ እሾህ ይወጣሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም የተዘጋጁ ውፍረቶች ስላሉት እሱን ውሰዱ። ከዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደል የጋራ የሆነው የኮምፒውተር ኮድ) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተተየበ ፋይል ከመጣላችሁ ደግሞ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው፤ ፎንቱን አምጡ ከማለት እንደገና መተየብ ይቀላል። ፋይሉን ከማስረከባችሁ በፊት ጽሑፉን በሺፍት፣ በኮንትሮልና በሲ ወደ ፓዝ (በኖድ ወደተሠራ ቅርጽ) ቀይሩት፤ ማተሚያ ቤት «ከርቭ አድርገህ አምጣ» የሚሉት ይህን ነው። ግን ከመቀየራችሁ በፊት ቅጂ አስቀሩ። አንዴ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ላይ ፊደል ተሳስቶ ብታገኙ ማረም አትችሉም።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ፒዲኤፍ ያዙ። ወረቀቱ በሚቆረጥበት ዳር ሁሉ ቀለሙን 3 ሚሊሜትር አሳልፉ፣ አለበለዚያ መቁረጫው ትንሽ ሲስት ነጭ ክር ይቀራል። ኢንክስኬፕ ላይ የምታዩት ቀለም የስክሪን፣ ማለትም አርጂቢ ነው፤ የሚንቦገቦገው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ መደብዘዙ ስለማይቀር መጀመሪያ አንድ ናሙና አሳትሙ። ስክራይበስ የሚባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ኤስቪጂውን ተቀብሎ በሲኤምዋይኬ (በማተሚያ ቀለሞች) ፒዲኤፍ ያወጣል። ብለር (ማደብዘዣ) እና ጥላ ያላቸው ነገሮች ፒዲኤፍ ውስጥ ወደ ፒክስል ስለሚቀየሩ ለትልቅ ባነር አትጠቀሙባቸው። በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ።

ስቲከር በፕሎተር ለሚቆረጥ ሥራ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ቢላው ቀለም አያይም፣ ፓዝ ብቻ ነው የሚከተለው። 5 ሚሊሜትር ስትሮክ ያለው መስመር ለቢላው አንዲት ቀጭን ጭረት ነው፤ ስለዚህ ስትሮኩን በኮንትሮል፣ በኦልትና በሲ ወደ ቅርጽ ቀይሩ። ያልተዋሃደ ጭረት ያለበትን «ቡ» ከላካችሁ ቢላው እግሩን መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ ሲለጠፍም በሁለት ይላቀቃል። ነጭ ቀብታችሁ የደበቃችሁት ነገርም ካለ ይቆረጣል። ከመላካችሁ በፊት ኮንትሮልና 5ን እየደጋገማችሁ ተጫኑ፤ ቀለሙ ጠፍቶ ባዶ መስመር ብቻ ሲቀር የምታዩት ነገር ቢላው የሚሄድበት መንገድ ነው።