ቀስቶቹ የት ይገናኛሉ?

ጎንደር ውስጥ በምሠራበት ድርጅት የግዢ ጥያቄን ከወረቀት ወደ ካሙንዳ፣ የሥራ ሂደትን ከሥዕሉ ተነስቶ ወደሚያስኬድ ሶፍትዌር፣ ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ሂደቱ የሚሣለው በቢፒኤምኤን 2.0 ነው፤ ኦኤምጂ የተባለው የሶፍትዌር ደረጃ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥራ ሂደት መሣያ የምልክት ሥርዓት። ሥራዎቹን በየሳጥናቸው ማስቀመጥ አያስቸግርም። የሚከብደው አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ ማን እንደሆነ መወሰኑ ነው።

ሥዕሉን ከመጀመሬ በፊት ስቶር ሄጄ ከኃላፊዋ ጋር ቁጭ አልኩ። ሞዴል 20፣ የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ ይመጣላቸዋል። ዕቃው ካለ በወጪ ቅጹ በሞዴል 22 ያወጣሉ፤ ከሌለ ወደ ግዢ ይመሩታል። ወይ ይሄ ወይ ያ ከሆነ ኤክስ ያለበት ጌትዌይ፣ ቀስቶች የሚለያዩበትና የሚገናኙበት ምልክት፣ ይበቃል።

«ልጄ፣ አሥር ወንበር ተጠይቄ ስድስት ብቻ ቢኖረኝስ?» አሉኝ።

ይህን ከየትኛውም መመሪያ አላገኘውም ነበር። ክብ ምልክት ያለበትን ጌትዌይ መረጥኩ። እሱ የተሟላውን ሁኔታ ሁሉ ይከተላል፦ ስድስቱ ይወጣሉ፣ የአራቱ ግዢ ይጀመራል።

ብዙ ሰው መለያያው ላይ ይጨነቅና መገናኛውን ችላ ይላል። ጣጣው ግን ያለው እዚያ ነው። እኛ ጋ ፕሮፎርማ ማሰባሰብና በጀት ማረጋገጥ በመደመር ምልክት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መገናኛቸውም መደመር መሆን አለበት፤ ሁለቱም እስኪደርሱ ይጠብቃል። ኤክስ ማንንም አይጠብቅም። የደረሰውን ሁሉ ስለሚያሳልፍ አንዱ ግዢ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሁለት ጊዜ ለፊርማ ይቀርባል። ተቃራኒው ይብሳል። በኤክስ የተለያየውን በመደመር ብትገጥሙት የማይመጣውን ሲጠብቅ ይኖራል። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ጠያቂው «ጥያቄዬ የት ደረሰ?» ብሎ እስኪመጣ ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ጣቴን አድርጌ «እዚህ ስንት ይደርሳሉ?» እያልኩ አለፍኩ። ክቡን በክብ ገጠምኩት፤ እሱ የሚጠብቀው የተነሱትን ብቻ ነው።

ትንሽ ሰያፍ ጭረት ያለባትን ቀስትም አትርሷት። ከሁኔታዎቹ አንዳቸውም ካልተሟሉ ሂደቱ በእሷ ይሄዳል፤ እሷ ከሌለች በስህተት ይቆማል። እኔ ወደ ሰው አመራኋት፦ የፋይናንስ ኃላፊዋ አይተው ይወስናሉ።

የቀረው ፊርማው ሲዘገይ የሚሆነው ነው። የማጽደቂያው ሳጥን ጠርዝ ላይ ታይመር ለጠፍኩ። ዙሪያው ሙሉ መስመር ከሆነ ሥራውን ከሰውየው ላይ ይነጥቃል፤ የተቆራረጠ ከሆነ ሥራው እዚያው ሆኖ ማስታወሻ ብቻ ይሄዳል። የተቆራረጠውን ወሰድኩ፤ አለቃ መስክ ሲወጣ ጥያቄው ከእጁ መውጣት የለበትም። ሁለት ቀን ብላችሁ ብትሰጡት ግን ታይመሩ 48 ሰዓት ቆጥሮ ያበቃል፤ ቅዳሜ ይሁን እሑድ አያውቅም። ታቦታቱ በከተራ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ደግሞ ማን ቢሮ ይገባል? ስለዚህ የሥራ ቀናትን ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ኮድ ጽፌ ያሰላውን ቀን ለታይመሩ ሰጠሁት። ጥምቀት ሁሌም ጥር 11 ነው። ገና በዘመነ ዮሐንስ ወደ ታኅሣሥ 28 ስለሚመጣ ኮዱ ዘመኑን ያያል። ኢዶቹ ጨረቃ ስለሚጠብቁ እነሱን የሰው ሀብት ባልደረባችን በእጇ ትሞላለች።