ፈታኙ «ሁለተኛ እንዳላይህ» ሲል

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሶ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ፈተናው ከብዶት አይደለም። በሂሳቡ ቀን ላጲሱ ወድቆበት ጎንበስ ሲል ፈታኙ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ «ሁለተኛ እንዳላይህ!» አለው። በቃ፣ ይቺው ናት። ከዚያ በኋላ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የሚያጠቁራትን ክብ መለየት እያቃተው፣ «ስሜን ጽፎብኝ ይሆን?» ሲል ሰዓቱ አለቀ።

እውነት ለመናገር አንጀቴን በላው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብዙዎቹ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ፣ በማያውቁት መምህር ነው የሚፈተኑት። ስርቆቱ የት ደርሶ እንደነበር ስለማውቅ ቁጥጥሩን አልቃወምም። ግን በዚያ ዙር 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ ልጅ አንዲት ቁጣ እንዴት እንደምታርበደብደው አስቡት።

ቁጭ አድርጌ ጠየቅኩት። ወረቀትህን ቀማህ? አልቀማኝም። ከክፍል አስወጣህ? አላስወጣኝም። ያስፈረመህ ነገር አለ? የለም። እንግዲያው የቃል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፈታኝ በቀን ስንቱን እንዲህ ይላል! ትንሽ ፊቱ ፈታ አለ፣ ማታ ግን ደግሞ ጀመረው።

ፈታኞች፣ እባካችሁ ቀረብ ብላችሁ በዝግታ ንገሯቸው። ገና የምትፈተኑ ደግሞ ዕቃ ከወደቀባችሁ ራሳችሁ አታንሱ፤ እጃችሁን አውጡና ፈታኙን አስፈቅዱ።