ውኃ እስከ ነፍሳችን በደረሰ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህንን ለመመስከር የተሳልሁት ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ለ13 አጥቢያ ነው። እስከ ዛሬ ያዘገየኝ ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ የእግዚአብሔር ቸርነት ሲነገር የእኔም ጥፋት አብሮ መነገር ስላለበት ነው። አሁን ግን ባለቤቴ «ስለት ተበልቶ አይቀርም» ብሎኛልና ሁለቱንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ በአዲስ አበባ በማሽን ደም እያሳጠበ ከዓመት በላይ ቆይቷል። ታናሽ እኅቱ «የእኔን ውሰድ» ስትለው ዘመድ አዝማድ ተረዳድቶ ወደ ህንድ ላከን፤ እርሷ ሰነዷን ጨርሳ እስክትመጣ ድረስ እኛ ሁለታችን ቀደምን። በሙምባይ በኩል ቼናይ ደርሰን፣ ከዚያ ባቡር ተሳፍረን ካትፓዲ በተባለው ጣቢያ ወረድንና እነርሱ «ኦቶ» በሚሉት፣ እኛ ግን በፋብሪካው ስም ባጃጅ ብለን በለመድነው ተሽከርካሪ ቬሎር ገባን። ቬሎር በታሚል ናዱ ግዛት ያለች የክፍለ ሀገር ከተማ ናት። በሆስፒታሉ ዙሪያ ባሉት ጠባብ መንገዶች ግራና ቀኝ የሚታየው ሁሉ የሕሙማን ማረፊያ ነው፤ «ሎጅ» ይሉታል። እኛ ዘንድ ሎጅ ሲባል በሐይቅ ዳር የተሠራ የባለጸጋ መዝናኛ ይታሰበናል፤ የእኛ ሎጅ ግን በቀን 450 ሩፒ የምንከፍልበት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የጣሪያ ማራገቢያ፣ በመታጠቢያው ውስጥ አንድ ባልዲና አንድ ጣሳ ያለበት የሦስተኛ ፎቅ ክፍል ነበረ። ጸሐፊው ፓስፖርታችንን ተቀብሎ ስለ ውጭ አገር ሰው የሚሞላውን «ሲ ፎርም» ሞላ፤ ቀጥሎም የጋዝ ምድጃና ድስት አከራየን። እንግዶቹ ከኮልካታ፣ ከአሳምና ከባንግላዴሽ መጥተው ለወራት የሚቀመጡ ሕሙማን በመሆናቸው ሁሉም ለራሱ ያበስላል፤ መተላለፊያው ቀኑን ሙሉ የሰናፍጭ ዘይት ይሸታል። በዚያ ሽታ መካከል እኔ ከቤት ያመጣሁትን ሽሮ አበስል ነበር።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው የጠጣው ውኃ መውጫ ስለሌለው በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ የባለቤቴ መጠጥ በቀን ከ750 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ታዝዞ ነበር። እኔም በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ በእስክሪፕቶ ሦስት መስመር አስምሬ፣ አንዱን ለጠዋት፣ አንዱን ለቀትር፣ አንዱን ለማታ እሰጠው ነበር። የሚታጠበው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስለሆነ ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ አስጊ እንደሆነ ነርሶቹ ደጋግመው ነግረውኛል። ወሩ ደግሞ የአገሬው ሰዎች «አግኒ ናትቻቲራም»፣ የእሳት ኮከብ፣ የሚሉት የግንቦት ሐሩር ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ማራገቢያው የሚያመጣው ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ያለ ነፋስ ነው። በዚያ ሙቀት ውስጥ ባል ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ «አንድ ጉንጭ ብቻ» ሲል ጠርሙስ መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናገር። እኔ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጥቼ ነበር። ጸበል ተጠምቀናል፤ ሱባኤ ይዘናል፤ ለቅዱስ ሚካኤልም ተስለናል፤ ሕመሙ ግን ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ቬሎር በገባን በሁለተኛው ሳምንት ዳዊት መድገሜን ተውሁ። ከቤት ይዤው የመጣሁትን የመልአኩን ሥዕል ከግድግዳው አንሥቼ በሻንጣው ውስጥ ከጫማዎቻችን ጋር አስቀመጥሁት። በስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው። «የማትሰማን ከሆነ እኔም አላይህም» አልሁ።

ግንቦት 12 ቀን እሑድ ነበረ፤ ወርኃዊው የሚካኤል ቀን መሆኑንም አውቅ ነበር። ከሎጃችን በር ላይ አንድ ሰው አረንጓዴ ኮኮናት ከምሮ በቆንጨራ እየቀላ፣ በቀጭን መምጠጫ ለመንገደኛ ይሸጣል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ከውኃውም ይልቅ የኮኮናቱ ፈሳሽ ልብን የሚያውክ ፖታሲየም ስላለበት ጨርሶ የተከለከለ ነው። ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ታች ሲመለከት ቆይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ምንም አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ወርጄ ሁለት ገዛሁ። ጠጣ። ሲመሽም ከጠርሙሱ ሦስት መስመር አልፎ ሌላ ውኃ ሰጠሁት። ሰው በመራራትም ይገድላል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነጎድጓድና ዝናብ መጣ፤ መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው እየተንቀራፈፈ ቆመ። በጨለማው ውስጥ የሰማሁት መጀመሪያ ሳል ነበር። ቀጥሎም ድስት ሊገነፍል ሲል የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ከደረቱ ሰማሁ። ስልኬን አብርቼ ሳየው አልጋው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፍራሹን ጨብጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ በአፉ ዳር አረፋ ይታያል፤ ሊናገር ይሞክራል፣ ትንፋሹ ግን ለአንዲት ቃል አይበቃም። የሆስፒታል ካርዱን ለማግኘት ሻንጣውን በዳበሳ ስበረብር እጄ ከጫማዎቹ መካከል ያረፈው በሥዕሉ ላይ ነው። ያን ጊዜ የጸለይሁት ጸሎት ሥርዓት ያለው አልነበረም፤ ደቀ መዛሙርቱ በታንኳዋ ውስጥ እንደ ጮኹት «ስንጠፋ አይገድህምን?» ብዬ ጮኽሁ። ዳግመኛም «አሁን ከደረስህልኝ ኃጢአቴን ጨምሬ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አልሁ።

ወደ መተላለፊያው ወጥቼ በር መምታት ጀመርሁ። ስንት በር እንደ መታሁ አላስታውስም። ከአንዱ ውስጥ ሰው ተንቀሳቅሶ ዝም አለ፤ ከአንዱ በማላውቀው ቋንቋ ተቆጡኝ። አልፈርድባቸውም፤ በሌሊት፣ በማዕበል፣ መብራት በጠፋበት የሚጮኽ እንግዳ ሰው ያስፈራል። «መዝጊያን አንኳኩ፥ ይከፈትላችሁማል» የሚለው ቃል ትዝ ሲለኝ ከማጽናናቱ ይልቅ አናደደኝ። ከመተላለፊያው መጨረሻ ግን በአንዱ በር ሥር የሻማ ብርሃን ይታይ ነበር፤ የጥብስም ሽታ ይመጣ ነበር። በዚያ ሰዓት ማን ያበስላል ብዬ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ገና አንድ ጊዜ እንደ መታሁ ተከፈተ።

የከፈቱልኝ ከባንግላዴሽ የመጡ አዛውንት ነበሩ፤ በእጃቸው በውኃ የተሞላ ብርጭቆ ይዘዋል። ከኋላቸው ሚስታቸው ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ሳህን ይዟል። «ማ» አሉኝ። በቋንቋቸው «እናቴ» ማለት እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው፤ የእኛም ሽማግሌዎች ልጅ እግር ሴትን እንዲሁ አይደል የሚጠሩት? በቃላት ማስረዳት አቅቶኝ እንደ ባለቤቴ እየተነፈስሁ ደረቴን ስመታ፣ ብርጭቆውን ሳይቀምሱት አስቀምጠው «ፓኒ! ፓኒ!» እያሉ ሮጡ። ውኃ ማለታቸው ነበር። ሚስታቸውም በዚያው በሽታ የምትታጠብ ስለነበረች ነገሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁት ነበር። እኔ ላስተኛው ስታገል እርሳቸው ቀና አድርገው እግሮቹን ከአልጋው ወደ ታች አወረዱ፤ ከዚያም ለልጃቸው ያንን አንዱን የፕላስቲክ ወንበር አመለከቱት።

በወንበሩ ላይ አስቀምጠን፣ አባትና ልጅ ከሁለት ወገን ተሸክመው፣ እኔ ስልኬን በጥርሴ ይዤ እያበራሁ፣ የሦስት ፎቅ ደረጃ ወረድን። በእያንዳንዱ መዞሪያ የደረቱ ውስጥ ውኃ ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ጨለማ፣ አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ሌሊት ሌሊት ሲደግሙት ሰምቼው ትርጉሙን ልብ ያላልሁት ቃል ሳልጠራው መጣ፦ «አድኅነኒ እግዚኦ፤ እስመ በጽሐኒ ማይ እስከ ነፍስየ።» አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ። ይህ ቃል ስለ ሌላ ነገር የተጻፈ መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ታች ስንደርስ ተጠቅልሎ የሚወርደው የብረት መዝጊያ በቁልፍ ተቆልፎ አገኘነው፤ ጸሐፊው የለም፤ ዘበኛውም ቁልፉን ይዞ ሌላ ቤት ተኝቷል። ልጁ ብረቱን ሲደበድብ ከውጭ የመለሰለት አንድ ወተት አዳይ ነበር። ዘበኛውን ፈልጎ የቀሰቀሰው፣ መዝጊያው ሲከፈትም የወተት ሣጥኖቹን በዝናቡ ውስጥ ከመንገዱ ዳር ደርድሮ ባለቤቴን ከነወንበሩ በባለሦስት እግሩ ጋሪ ላይ የጫነልን እርሱ ነው። ስሙን አላውቅም፤ ፊቱንም በቀን ብርሃን አላየሁትም። እግዚአብሔር ግን ያውቀዋልና ዘሩን ይባርክለት። ጎርፍ በሞላው መንገድ ጋሪውን ስንገፋ ከአንድ መስጊድ አዛን ተሰማ፤ አዛውንቱ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ሰማዩን ተመለከቱና መግፋታቸውን ቀጠሉ።

በድንገተኛ ክፍሉ ኦክስጅን አደረጉለት፤ ወዲያውም ማሽን ላይ ተጋደመና ከ4 ሊትር በላይ ውኃ ወጣለት። ሐኪሟ ምን ያህል እንደ ጠጣ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኋት፤ አልተቆጣችም፤ ብቻ «ቀና አድርጎ እግሩን ያወረደው ማን ነው?» አለች። ዘወር ስል አዛውንቱ በአግዳሚው ላይ ርሰው ተቀምጠዋል። በምናውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ውኃ ልግዛላቸው ብዬ ስጠይቅ ፈገግ ብለው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አደረጉ። የረመዳን አምስተኛው ቀን መግባቱ ነበር። ሻማው የበራውና ጥብሱ የሸተተው ለሱሑር፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት በሌሊት ለሚበላው ምግብ፣ ስለተነሡ ነው፤ ያስቀመጡት ብርጭቆ ለዚያ የእሳት ቀን የመጨረሻ ውኃቸው ነበር። ሳይቀምሱት አዛኑ አለፋቸው፤ ያንን ቀንም እስከ ማታ ጾሙት።

ወደ ክፍላችን ስመለስ ሥዕሉን ከጫማዎቹ አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ተንበርክኬ አለቀስሁ። ግንቦት 26 ቀን፣ በህንድ ወንጌልን የሰበከው ሐዋርያው ቶማስ በስንክሳር በሚታሰብበት ዕለት፣ ባለቤቴ በእግሩ ደረጃውን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ኩላሊት የሚሰጠው የቅርብ ዘመድ መሆኑ እንዲረጋገጥ የአገሪቱ ሕግ የሚጠይቀውን የኤምባሲ ወረቀትና የኮሚቴ ፈቃድ ስንጠብቅ ክረምቱ አለፈ፤ መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ ንቅለ ተከላው ተደረገ። እኅታችን ሆይ፣ የአካልሽን ክፋይ የሰጠሽ፣ ዋጋሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ያላችሁ፣ ዕቁባችሁን ሳይቀር አዙራችሁ የላካችሁልን ወዳጆች፣ እናንተንም እንዲሁ።

በመጠበቂያው ጊዜ አንዲት ነርስ በዚያ ሆስፒታል ሁሉም የሚያውቀውን ታሪክ ነገረችኝ። አይዳ ስከደር የምትባል የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ልጅ ወጣት ሳለች፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ሰዎች በየተራ በሯን አንኳኩ፤ የሦስቱም ሚስቶች በምጥ ተይዘው ነበር፤ ሴት ሐኪም ደግሞ አልነበረችም። ሦስቱም ሴቶች ሞቱ። ልጅቱ ሄዳ ሕክምና ተምራ ተመለሰችና በ1900 እ.ኤ.አ. በአንድ አልጋ ጀመረች፤ ያ አልጋ አድጎ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በህንድ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገበት ይህ ሆስፒታል ሆነ። ነርሷ ከጨረሰች በኋላ ምን እንዳለችኝ አላውቅም፤ የተከፈተውንም ያልተከፈተውንም በር እያሰብሁ ተነሥቼ ወጣሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር እውነቱን አጉድላለሁ። የአዛውንቱ ልጅ ለእናቱ ሊሰጥ ፈልጎ ምርመራው አልፈቀደለትም፤ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሚስታቸውም በ2012 ዓ.ም. ዐረፈች። እኛ ተቀብለን እርሷ ለምን እንዳልተቀበለች እግዚአብሔርን ዛሬም እጠይቀዋለሁ፤ አሁን የምጠይቀው ግን ሥዕሉን ከፊቴ አድርጌ ነው።

ባለቤቴ አሁን በቀን ሦስት ሊትር ውኃ እንዲጠጣ ታዝዟል፤ መስመሩ የደበዘዘው ጠርሙስም አብሮን አለ። ረመዳን በገባ ቁጥር በሱሑር ሰዓት ወደ ባንግላዴሽ ይደውላል። አዛውንቱ ስልኩን አንሥተው ገና ሰላምታ ሳይሰጡት «ፓኒ?» ይሉታል፤ እርሱም በዚያ ቀን ስንት ጠርሙስ እንደ ጠጣ ይነግራቸዋል።