አራት ቁልፍ፣ አንድ ፍላሽ

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ ከተባለው የብሎክቼይን መረብ ሰዎች ጋር ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ዲጂታል መታወቂያ ሊያዘጋጅ ነው ሲባል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ የብሎክቼይን (መዝገብን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሰንሰለት አያይዞ የሚያስቀምጥ ቴክኖሎጂ) ባለሙያ ሆነ። የኛም ቢሮ አልቀረም። ለግል ኮሌጆች የተማሪ መታወቂያና የዲግሪ ማረጋገጫ እንሠራለን ተባለ።

መጀመሪያ ያሰብነው ኢቴሬም የተባለውን፣ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ብሎክቼይን ነበር። ያኔ መላው ዓለም በሰከንድ 15 ገደማ ግብይት ላይ ይሻማበት ነበር። ክፍያው ደግሞ አይቀመስም ነበር። የአንድ ኮሌጅ ተመራቂዎችን አንድ በአንድ እናስገባ ብንል ኮሌጁን መሸጥ ነው። «በመርክል ዛፍ ሰብስበን አንዷን ሃሽ ብቻ ሰንሰለቱ ላይ እናስቀምጥ» አልኩ፤ ይኸውም የሁሉንም ዲግሪ መረጃ በአንድ አጭር የአሻራ ኮድ መወከል ነው። አለቃችን አልወደደውም። ደንበኛው «ሁሉም ነገር ብሎክቼይን ላይ ነው» የሚል ወረቀት ይፈልጋል አለ።

ስለዚህ የራሳችንን ሰንሰለት ዘረጋን። አራት ኖድ፣ ማለትም መዝገቡን የሚይዙና የሚያጸድቁ አራት ኮምፒውተሮች። በዴሞው ቀን ፍጥነቱ ጉድ አሰኘ። በሰንሰለቱ ሕግ መሠረት ከአራቱ አንዱ ቢያብል እንኳ ሦስቱ ከተስማሙ ሥራው ይቀጥላል። ጥሩ ነው። ግን አራቱም ኖድ ያለው አንድ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። እሺ፣ ይሁን። ከስብሰባው በኋላ ግን አለቃችንን ስለ ቁልፎቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ኖድ ድምፁን ስለሚፈርምበት ምስጢራዊ ኮድ፣ ጠየቅኩት።

«የኖዶቹን ቁልፍ ማን ይዞታል?»

«እኔ።»

«የትኛውን?»

«አራቱንም።» ከመኪናው ቁልፍ ጋር የተንጠለጠለች ፍላሽ አሳየኝ።

«ታዲያ ከዳታቤዝ በምን ተለየ?»

«ቁልፍ እኮ ለማንም አይሰጥም» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። «ታማኝ ሰው ያስፈልጋል።»

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ይሄ ሁሉ ሃሽ፣ ይሄ ሁሉ ስምምነት፣ ሰው ማመን እንዳያስፈልግ ተብሎ አልነበረም እንዴ? ሰውዬው አንድ ማታ ቁጭ ብሎ መዝገቡን ከመጀመሪያው ቢጽፈው፣ የፈለገውን ዶክተር ቢያደርግ፣ ሰንሰለቱ አሜን ነው የሚለው። ብሮሹራችን ደግሞ «ማንም ሊቀይረው የማይችል» ይላል።

እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ኖድና ቁልፍ ይያዝ ብዬ ተከራከርኩ። «ሁለት ኮሌጆች ጋ መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለት ኖድ ከወደቀ ሦስት ድምፅ አይገኝም፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ፍጥነቱም እንደ ዴሞው አይሆንም። ቢሆንም ግድ ብዬ ለኮሌጆቹ ደብዳቤ አስጻፍኩ፤ ቁልፋችሁን ራሳችሁ ተረከቡ የሚል።

መልሱ ባጭሩ መጣ። «እኛ ጋ ይጠፋብናል፤ እናንተው ያዙልን።»

አለቃችን ደብዳቤውን አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ምንም አልተናገረም።