ሂያጅና ቀሪ በኮሪያኛ

ሴኡል በምማርበት የቋንቋ ክፍል ዛሬ የስንብትን ትምህርት ጨረስን። «አንኞንግ ሃሴዮ» ጠዋትም ማታም የሚያገለግል ሰላምታ ስለሆነ፣ «እንደምን አደሩ»ና «እንደምን አመሹ» እያልን ቀኑን ከፋፍለን ለለመድን ሰዎች አያስቸግርም፤ ችግሩ የሚመጣው ሲለያዩ ነው። የሚሄደው ሰው ለሚቀረው «አንኞንግሂ ጌሴዮ» ይላል፣ የሚቀረው ደግሞ ለሚሄደው «አንኞንግሂ ጋሴዮ» ብሎ ይመልሳል፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሁለቱም በየፊናቸው የሚሄዱ ከሆነ ግን «ጋሴዮ» ይባባላሉ። በፊደላችን ሲጻፍ ልዩነቱ የጌና የጋ ብቻ ስለሆነ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት በሩን የሚወጣው ማን እንደሆነ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። (እንዲያው ለጀማሪ ከላቲን ፊደል ይልቅ የእኛ «ኞ» ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ያወጁትን የኮሪያ ፊደል፣ ሀንጉልን፣ ቶሎ መልመድ ነው።)

ከቤቴ በታች ያለው ሱቅ ባለቤት አረጋዊት ናቸው። መልስ ሲሰጡኝ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይደግፋሉ፤ አገር ቤት የለመድኩት ነውና የእኔም ግራ እጅ ማንም ሳያዘው ቀኙን ይደግፋል። ብዙ ደንበኞች ሲወጡ «ሱጎሃሴዮ» ሲሏቸው እሰማለሁ፤ መምህራችን ግን ይህ በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባል የማበረታቻ ቃል ስለሆነ ለታላቅ ባይባል ይመረጣል ይላሉ። እኔም «ካምሳሃምኒዳ» (አመሰግናለሁ) ብዬ ጎንበስ ማለቱን መርጫለሁ።

እኩዮቼ እርስ በርስ የአክብሮቱን ማብቂያ ጥለው «አንኞንግ» (ሰላም)፣ «ኮማዎ» (አመሰግናለሁ) ይባባላሉ። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ይህን ለመድፈር ቸኩለዋል፤ በእኔ ግምት ግን የአንድ ዓመት ታላቅነት እንኳ አነጋገርን በሚለውጥበት አገር፣ የዕድሜ ታላቁ ራሱ እስኪፈቅድ ድረስ አክብሮ መናገር የሚያጎድለው ነገር የለም። መምህራችንንም በስማቸው ወይም «አንቺ» በሚል ቃል ሳይሆን «ሶንሴንግኒም» (መምህር) ብለን ነው የምንጠራቸው፤ «ጋሼ»ና «እትዬ» እያለ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ነገ ክፍላችን ከእርሳቸው ጋር ምሳ ስለሚበላ፣ ላበሰለና ለጋበዘ የሚቀርቡትን ሁለቱን የምስጋና ቃላት ዛሬ ማታ እየደጋገምኩ ነው፦ ከመብላት በፊት «ቻል ሞኬስምኒዳ»፣ በልተው ሲያበቁ «ቻል ሞጎስምኒዳ»። ማንኪያ ቀድሞ የሚያነሳው ታላቅ ነውና፣ የመጀመሪያውን ብዬ መምህራችን እስኪጀምሩ እጠብቃለሁ።